ያገለገለ አውሮፕላን ለጎንደር ሰው፦ ሴስና 172 ወይስ ዳይመንድ 40?

ቪትዝና ያሪስ ሪቪው ሚያደርግ ሞልቷል፣ እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት አውሮፕላን ነው። ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ነገሩ የተጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነው። አጎቴ (ጋሼ ነው ምንላቸው፣ መተማ በኩል ሰሊጥ ያመርታሉ) ከአሜሪካ ከመጡ ዘመዶች ጋር ጎሃ ሆቴል ቁጭ ብለው ከተማዋን ቁልቁል እያዩ ሲጫወቱ አንዱ ስልኩን አወጣና ያገለገለ ሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው) ማስታወቂያ አሳያቸው፣ የ1975 ሥሪት (የአውሮፕላን አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)፣ 70 ሺህ ዶላር። "ጋሼ ይሄ እኮ እርሶ ከሚነዱት ላንድክሩዘር ይረክሳል" አላቸው። አለቀ። ከዛ ቀን ወዲህ ቡና ላይ አውሮፕላን፣ ለቅሶ ቤት አውሮፕላን፣ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልክ ይደወላል፣ "አንተ ልጅ፣ አየኸው?"

እኔን ሚጠይቁኝ ውጭ እያለሁ ትንንሽ አውሮፕላን ሚጠገንበት ቤት ስድስት አመት መካኒክ ሆኜ ስለሰራሁ ነው። ፓይለት አይደለሁም፣ ይሄን ከአሁኑ ልበል። ሁለት ወር ሙሉ ማስታወቂያ ሳገላብጥ፣ ማኑዋል ሳነብ፣ ከሻጭ ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜያለሁ፣ ምክንያቱም በኛ አገር ከፍታና በኛ አገር ነዳጅ የተሰላ ሪቪው የለም። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ ፍሎሪዳ ነው፣ ፍሎሪዳ ደሞ ባህር ጠርዝ ናት፣ አውሮፕላን እዛ እንደልቡ ይነሳል።

መጀመሪያ 172ን ላመስግን፣ ይገባዋልና። በ1955 በረረ፣ በ1956 ገበያ ላይ ወጣ፣ እስካሁን ከ44 ሺህ በላይ ተሰርቷል፣ በዓለም ላይ የሱን ያህል በብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም። ክንፉ ከላይ ነው፣ ጎማው አይሰበሰብም፣ ጥፋት ይታገሳል፣ ተማሪ ሲያንገጫግጨው ውሎ ማታ ደህና እደሩ ብሎ ሚቆም እቃ ነው። መለዋወጫው እንደ ኮሮላ ነው፣ የትም ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። ከ1986 እስከ 1996 ምርቱ ቆሞ ስለነበር ገበያ ላይ ምታገኙት ወይ 40ና 50 አመት የሞላውን ነው ወይ ከዛ በኋላ የወጣውን ውዱን። እድሜው ብዙ አያስደንግጣችሁ፣ አውሮፕላን በየአመቱ ተበትኖ ይታያል፣ ያረጀው ክፍል ይቀየራል፣ በደንብ የተያዘ የ1975 ሥሪት በደንብ ካልተያዘ የ2005 ሥሪት ይሻላል። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ "አላልኩህም!" አሉ። ቆይ ጋሼ፣ ገና መጀመሬ ነው።

ችግሩ ጎንደር ነች። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ ላይ ከባህር ጠለል ወደ 2000 ሜትር ሊጠጋ ምንም አልቀረው። አየሩ ስስ ነው። በዛ ላይ ከቀኑ ሰባት ስምንት ሰዓት ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ አስልታችሁ ስታዩት አውሮፕላኑ 2800 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ነው ሚሰማው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ሞተር ውስጥ ሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር ደሞ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጥላል፣ ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ 150 የፈረስ ጉልበት ሚለው ሞተር አዘዞ ሲደርስ 110 ገደማ ሆኖ ነው ሚጠብቃችሁ። ክንፉም ያው የሚይዘው አየር ቀንሶበታል፣ ፕሮፔለሩም እንደዛው፣ ሶስቱም ባንዴ ነው ሚደክሙት። እኔ ከማኑዋሉ ተነስቼ ሳሰላው ያ የ1975ቱ 172 ሙሉ ጭኖ ከአዘዞ ከተነሳ በኋላ በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ነው ሚወጣው። ባህር ጠርዝ ላይ ግን ወደ 200 ሜትር ይወጣል። ማኮብኮቢያው ረጅም ስለሆነ መነሳቱ አያስቸግርም፣ ከተነሳ በኋላ ግን ተራራው እሱን አይጠብቀውም።

ደሞ ይሄን ስሙ። አዲሱ 172፣ 180 ፈረስ ያለው፣ ጣሪያው 14 ሺህ ጫማ ነው፣ ማለት 4267 ሜትር። ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ይሄ አውሮፕላን የገዛ ክልላችን ተራራ አናት ላይ መውጣት አይችልም፣ በጎን ዞሮ ነው ሚያልፈው፣ አሮጌው ደሞ ጭራሽ 4000 ሜትር ላይ ነው ሚደክመው። ጣሪያ ሚሉት ደሞ በምቾት ሚበርበት ከፍታ አይደለም፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተረግጦ በደቂቃ 30 ሜትር ብቻ መውጣት ሚችልበት ነው፣ ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ እንደገባ ባጃጅ በሉት። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱም በአንድ በኩል ጉና በሌላ በኩል ጮቄ አለ፣ ሁለቱም 4000 ያልፋሉ፣ ክረምት ላይ ደመናው ሲጨመርበት በመሃል ሹልክ ብዬ አልፋለሁ ሚባል ነገር የለም። እዛ ከፍታ ላይ ሰውም ይደክማል፣ በአሜሪካ ህግ ፓይለቱ ከ12,500 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ኦክስጅን መጠቀም ግዴታው ነው።

(በነገራችን ላይ 172 ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስትነሱ ነዳጅና አየሩ ሚመጣጠንበትን ቀዩን ሚክስቸር መቀነስ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ነዳጁ ይበዛበትና ሞተሩ ያለችውንም ጉልበት ይነጥቃችኋል። ቆላ ላይ የተማረ ፓይለት እስከ መጨረሻው ገፍቶ ነው ሚነሳው፣ ልማድ ነው። ፓይለት ስትቀጥሩ ይሄን ጠይቁት፣ ካፈጠጠባችሁ ሌላ ፈልጉ።)

ወንበር ሌላው ማታለያ ነው። አራት ወንበር ማለት አራት ሰው ማለት አይደለም። ያ 172 ከነጭነቱ ከ1043 ኪሎ ማለፍ አይፈቀድለትም፣ ባዶውን ወደ 630 ኪሎ ይመዝናል፣ ነዳጅ ሲሞላ 100 ኪሎ ጨምሩ፣ ሚተርፈው 310 ኪሎ ገደማ ነው። ጋሼ ብቻቸውን 104 ናቸው፣ ይቅርታ ጋሼ። ፓይለቱ 75፣ እኔ 80፣ እማማ ደሞ ማር፣ ሽሮና በርበሬ ሳትይዝ አትንቀሳቀስም። አዲሱም ቢሆን ያው ነው፣ ጉልበት ጨምሯል ግን ራሱም ከብዷል ታንከሩም ሰፍቷል፣ ሙሉ ነዳጅ ከያዘ ሶስት ሰው ነው። "ነዳጁን ቀንሰን ሰው ብንጨምርስ?" አሉ ጋሼ። ይቻላል፣ ባለሙያዎቹም ሚያደርጉት እሱን ነው፣ ግን መተማ ደርሳችሁ ነዳጅ ከየት ልትቀዱ ነው?

አሁን ዋናው ነገር ጋ መጣን። እኔ ጎንደር ላለ ሰው ምመክረው አንድ ነገር ነው፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደሚጠጣ ጠይቁ። 172፣ ትልልቆቹ የሴስና ወንድሞቹ 182ና 206፣ እነዚህ በገበያ ላይ ምታዩዋቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ አቭጋስ ነው ሚጠጡት፣ እሱ ደሞ እርሳስ ያለበት ልዩ ቤንዚን ነው፣ በብዙ የአፍሪካ አገር እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም በበርሜል ነው። አዘዞ ሚያርፉት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሚቀዱት ጄት ኤ-ዋን ነው፣ ከላምባ ዘር። ሁለቱ አይቀላቀሉም፣ አቭጋስ ሚጠጣ ሞተር ውስጥ ጄት ነዳጅ ከገባ ሞተሩ ይፈነዳዳል፣ በዚህ ስህተት ሰው ሞቷል።

"ታዲያ ቤንዚን ለምን አንጨምርለትም?" አለ የአክስቴ ልጅ፣ ባጃጅ ስላለው ሁሉ ነገር ባጃጅ ይመስለዋል። ጥያቄው ግን ሞኝ አይደለም። የ1975ቱ 172 ሞተር ኮምፕሬሽኑ ዝቅተኛ ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ በመኪና ቤንዚን እንዲበር በወረቀት ሚፈቀድበት መንገድ አለ፣ ግን ቤንዚኑ ኢታኖል ሊኖርበት አይገባም፣ ኢታኖል የነዳጅ መስመሩን ጎማና ማሸጊያ ይበላል፣ እኛ አገር ደሞ ቤንዚን ላይ ኢታኖል ተቀላቅሎ የተሸጠባቸው አመታት ነበሩ። ቤንዚኑ ከፍታና ሙቀት ላይ ቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎት ይቀየርና ሞተሩ ነዳጅ ያጣል። ከሁሉም በላይ ደሞ እኔ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ይዤ ሰማይ አልወጣም። ባጃጅ ሲጠፋ ገፍተህ ዳር ታስይዘዋለህ፣ አውሮፕላን ዳር የለውም።

ስለ ሞተር ሰዓትና ሎግቡክ (አውሮፕላኑ የበረረውና የተጠገነው ሁሉ ሚጻፍበት መዝገብ) ደሞ ከራሴ ልንገራችሁ። ውጭ እያለሁ ከሶስት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን አንድ አሮጌ 172 ገዛን፣ መካኒክ ነኝ ባይ ነኝ እኮ፣ ግን ሻጩ ጥሩ ሰው መሰለኝ፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ ታድሶ የሰራው 600 ሰዓት ብቻ ነው፣ 2000 ሰዓት ድረስ ይሰራል ሚባል ሞተር ነው፣ በጣም ትንሽ ነው ብለን ተደሰትን። ያላሰብነው ምንድነው፣ 600 ሰዓቱን የሰራው በ19 አመት ውስጥ ነው። ያ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነበር። ላይካሚንግ ሚባለው ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ሚከፍተው ዘንግ) ያለው ከላይ ነው፣ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይንጠፈጠፍና ካሙ እርቃኑን ቀርቶ ይዝጋል፣ ፋብሪካው ራሱ 2000 ሰዓት ወይም 12 አመት፣ ቀድሞ የሞላው፣ ነው ሚለው። ገዝተን በአራተኛ ወሩ የዘይት ፊልትሩን ቆርጬ ስከፍተው የብረት ብናኝ እንደ ብልጭልጭ ወረቀት ይንቦገቦጋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወረደ። ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ከጓደኞቼ አንዱ እስካሁን በበአል እንኳን አይደውልልኝም።

ስለዚህ መኪና ላይ ኪሎ ሜትሩ ሲያንስ ደስ እንደሚላችሁ አውሮፕላን ላይ አይበላችሁ። በየሳምንቱ ሲበር የኖረ 1500 ሰዓት የሰራ ሞተር፣ ሃንጋር ውስጥ ተሸፍኖ ከኖረ 400 ሰዓት ከሰራ ሞተር ሊሻል ይችላል። ከገዢ የተላከ፣ ሻጩን ማያውቅ መካኒክ ሳያየው አንድ ሳንቲም እንዳትልኩ። ሲያየው ሲሊንደሮቹን በአየር ግፊት ይለካል፣ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አስገብቶ ስንት እንደያዘ ያነባል፣ 70ዎቹ ውስጥ ከሆነ ደህና ነው፣ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ ይጠየቅ። ክንፍና ጅራት ውስጥ ዝገት ይፈልጋል፣ በተለይ ባህር አጠገብ የኖረ ከሆነ። ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ያውቃል ወይ፣ ነክቶ ከነበረ ሞተሩ ተከፍቶ ታይቷል ወይ። አስገዳጅ የጥገና ትእዛዞች በሙሉ ተሰርተዋል ወይ። ሎግቡኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው ወይ፣ አንዱ ጠፍቷል ካሏችሁ ዋጋው ወዲያው መውረድ አለበት፣ "በቤት መቀየር ጠፋ" ሚል ሻጭ አጋጥሞኛል፣ ሚገርመው የጠፋው ልክ አደጋው የደረሰበት አመት ነው።

እሺ ታዲያ ምን ይገዛ? እኔን ያሳመነኝ ዳይመንድ 40 ኤንጂ ሚባለው የኦስትሪያ አውሮፕላን ነው። ሞተሩ ናፍጣ ነው፣ መሰረቱ የመርሴዲስ መኪና ሁለት ሊትር ሞተር ነው፣ 168 ፈረስ፣ ጄት ኤ-ዋን ይጠጣል፣ ማለት እነዛ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሚቀዱትን ነዳጅ። ተርቦ ስላለው ጎንደር ላይም ጉልበቱን ይዞ ነው ሚነሳው፣ እንደ 172 አንድ አራተኛውን አስረክቦ አይደለም። 16,400 ጫማ ድረስ ይወጣል፣ ያ 5000 ሜትር ገደማ ነው፣ ራስ ዳሸንን በልጦ ያያል (ኦክስጅን ይዛችሁ)። በሰዓት 20 ሊትር ትንሽ ወዲህ ወዲያ ነው ሚፈጀው፣ አሮጌው 172 ወደ 30 ሊትር አቭጋስ ሲጠጣ። ሚክስቸር ምናምን ሚባል ነገር የለውም፣ አንድ ማንሻ ብቻ ነው ያለው፣ ቀሪውን ኮምፒውተር ይሰራዋል።

እዛው ላይ ነው ጉዱ ያለው። ኮምፒውተር ያለ ኤሌክትሪክ አይሰራም። በ2007 ጀርመን አገር አንድ ዳይመንድ 42፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ወንድሙ ማለት ነው፣ ባትሪው ሞቶ በውጭ ኤሌክትሪክ አስነስተውት በረረ፣ ጎማውን ሲሰበስብ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ወረደና ሁለቱም ሞተሮች ባንዴ ጠፉ። ያ የድሮው ቲለርት ሚባለው ሞተር ነው፣ ኩባንያውም በ2008 ከስሯል፣ ኤንጂው ላይ ያለው ሌላ ሞተር ነው፣ ለኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪም አለው። ግን ማስታወቂያ ላይ "ዳይመንድ 40 ቲዲአይ" ሚል ረከስ ያለ ካያችሁ ያ የድሮው ነው፣ በየ300 ሰዓቱ ጊርቦክሱ ሚፈታ ሞተር ሊሆን ይችላል፣ እርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ቻርጀር ወስዶ ኬብል ማስነሳት ደሞ በዚህ አውሮፕላን ላይ እንዳታስቡት፣ ሸዋዳ መካኒክ ካላችሁ ከአሁኑ አስጠንቅቁት።

ሌላው ጉድለቱ ጎማው ትንሽ ነው፣ ክንፉ ከታች ነው፣ ለአስፋልት የተሰራ ልጅ ነው። ጋሼ ደሞ ህልማቸው ሰሊጥ ማሳቸው ዳር ሜዳ ጠርገው ማረፍ ነው፣ የመተማ ጥቁር አፈር ደሞ ዝናብ ሲነካው ትራክተር ሚውጥ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለዛ ስራ 172ና 206 ይሻሉ ነበር፣ ክንፋቸው ከላይ ነው ጎማቸውም ይቋቋማል፣ ተርቦ ያለው 206 ከፍታውንም ይችለዋል፣ ስድስት ወንበር አለው፣ ግን ተመልሰን አቭጋስ ላይ ወደቅን። ሁሉንም ሚችለው ሴስና ካራቫን ነው፣ ተርባይን፣ ጄት ነዳጅ፣ 675 ፈረስ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ ሜዳ ላይ ሲፈተን የኖረ። ዋጋው ግን ያገለገለውም በሚሊዮን ዶላር ነው ሚቆጠረው። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ ቡናቸውን አስቀምጠው "እሱን ለማህበር እንተወው" አሉ።

ብሩን በተመለከተ። 70 ሺህ ዶላር ሲባል መጀመሪያ ሚታያችሁ እሱ ነው፣ ግን ያ የመግቢያ ትኬት ነው። አመታዊ ምርመራ፣ ኢንሹራንስ፣ መቆሚያ፣ ፓይለት፣ ከውጭ ሚመጣ መለዋወጫ፣ ከዛ ለሞተሩ እድሳት በየሰዓቱ ሚቀመጥ፣ ለምሳሌ እድሳቱ 30 ሺህ ዶላር ቢሆን በ2000 ሰዓት ስታካፍሉት በበረራችሁ ቁጥር 15 ዶላር በሰዓት ወደ ጎን ነው። ሁሉም በዶላር ነው፣ ገቢያችሁ ግን በብር ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ ያየ ሰው ይሄን አይረሳም። ደሞ ወረቀቱ አለ፣ አስመጥቶ መመዝገብ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ ማሳ ዳር ማረፊያ ለመስራት ፈቃድ፣ ይሄ ሁሉ ሲቪል አቪዬሽን ነው፣ ከክፍያ በፊት መጨረስ ያለበት ጉዳይ ነው እንጂ አውሮፕላኑ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ሚጠየቅ አይደለም። በአመት ስንት ሰዓት እንደምትበሩ በሐቅ ቁጠሩ። ጋሼን አስቆጠርኳቸው፣ መተማ በወር ሁለቴ፣ በአየር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ሰዓት ተኩል ነው፣ አዲስ አበባ በወር አንዴ፣ ተደምሮ በአመት 90 ሰዓት አይሞላም። በዚህ ሰዓት መግዛት ሳይሆን መከራየት ነው ሚያዋጣው፣ ቁጭ ብሎ ዝገት ሚበላውን ሞተር ታሪክ ደሞ ነግሬያችኋለሁ።

ለጎንደር ብቻ ብዬ ነው ነጥብ ምሰጠው፣ ለሌላ ቦታ አይሰራም። አሮጌው 172፣ ከ5 ሁለት፣ አውሮፕላኑ ጥሩ ነው ሰፈሩ አይደለም፣ ባህር ዳር ቢሆን... ኧረ ባህር ዳርም ከ1800 ሜትር በላይ ነች፣ ተውት። ተርቦ 206 ሶስት፣ አቭጋስ ካገኛችሁለት አራት። ዳይመንድ 40 ኤንጂ አራት፣ አስፋልት ላይ ብቻ ምታርፉ ከሆነ፣ ዋጋው ከአሮጌው 172 ብዙ እጥፍ መሆኑን እያወቃችሁ። ካራቫን አምስት፣ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ይሄን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ባለፈው እሁድ አዘዞ ወስጄ ሰጠኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ልክ ያኔ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ከአናታችን በላይ ወጣ፣ እስኪጠፋ ድረስ ተከተሉት። "እና ያ የጥምቀቱ?" አሉኝ። ተሸጧል አልኳቸው፣ እውነቴን ነው፣ ማስታወቂያው ወርዷል። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱና "በል ና፣ ሰዓት ተኩሉን ኪራይ ስንት እንደሚሉን ደውለህ ጠይቅልኝ" አሉኝ። ሰኞ እደውላለሁ፣ ዋጋውን ካወቅኩ እዚሁ እጨምረዋለሁ።